ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቄጠማ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቄጠማ ስትለይ የኖረች ሴት በእጇ «አይታወቅም» ብላ የጻፈችውን፣ «ታውቋል፤ ያወቀችውም እሷ ናት» ብሎ በስሟ የሚያትም ሰው በእናንተ አገር ምን ተብሎ ይጠራል? ሌባ ነው እንዳትሉኝ፤ ሌባ ያለውን ይወስዳል እንጂ የሌለውን በሰው ስም አያድልም። ውሸታም ነውም አትበሉኝ፤ ውሸታም የሚዋሸው በገዛ አፉ ነው። እናንተ ስም እስክታወጡለት ድረስ የሪስፓ አዴራን አንድ ቀን ልንገራችሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ኪሱሙ ከተማ፣ ሚጎሲ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለ ማዕድ ቤት ይጀምራል።

ሪስፓ ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ሁልጊዜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትነሣለች፤ የቤቱ ባለቤቶች ከመነሣታቸው በፊት ሻይዋን አፍልታ፣ ጠጥታ፣ ኩባያዋን አጥባ መጨረስ ትወዳለች። ባለቤቱ ኦቾላ የወንድሟ ልጅ ነው። አባቱ ከተቀበረ በኋላ ተወለደና እንደ ደንቡ ኦቾላ ተባለ፤ ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደገችውም፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችውም እሷ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ቤት ሲከራይ ዘመድ በተሰበሰበበት ተነሥቶ «ዋያ ከእንግዲህ ማንያታ ሰፈር ብቻዋን አትኖርም» አለ። የአባቱን እኅት ዋያ እያለ ነው የሚጠራት። ዘመዱ ሁሉ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ዘመድ ግን ክፍሏን አላየም። ከማዕድ ቤቱ በስተጀርባ ለቤት ሠራተኛ ተብላ የተሠራች ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ መስኮት፣ በረንዳው ላይ የሚከፈት የራሷ በር። በዋናው በር እንዳትገባ የከለከላት የለም። ግቢ ያላትም የለም። ማታ ማታ ኦቾላ ከሥራ ሲመለስ በግድግዳው ማዶ ድምፁን ትሰማለች፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ በመጨረሻ በማዕድ ቤቱ በር በኩል «ዋያ፣ ደህና እደሪ» ይላል። «ደህና እደር፣ ልጄ» ትላለች። በአራት ዓመት ውስጥ በሁለቱ መካከል ከተባለው ነገር ይህ አብዛኛው ነው።

የዚያን ሐሙስ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ስታነሣ ከሥሩ አዲስ ጋዜጣ ተነጥፎ አየች። የኦቾላ ሚስት ቤሪል በዋዜማው መደርደሪያዎቹን ሁሉ ጠራርጋ ነበር። ከጋዜጣው ግርጌ በቀኝ በኩል፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ 212 የሚል ቁጥር ተጽፏል። የ2ዎቹ አንገት ጎበጥ ያለ ነው፤ መሐከለኛው 1 ወደ ግራ ያዘመመ። የገዛ እጇ ጽሕፈት ነበር።

ቆርቆሮውን እንደያዘች ቆመች። ተክል የሚሰበስቡ ሰዎች ከሜዳ የነቀሉትን በታጠፈ ጋዜጣ ውስጥ ያስተኙታል፤ ከዚያ ጋዜጦቹን ደራርበው በሁለት ጣውላ መካከል በጠፍር ጠፍንገው ያደርቁታል። እያንዳንዱ ተክል ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚጻፈው በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ነው፤ በእርሳስ፣ ምክንያቱም ቀለም በእርጥበት ይፈሳል። ያው ቁጥር በሰብሳቢው ደብተር ላይ ከቀኑና ከቦታው ጋር ይሰፍራል። ተክሉ ደርቆ በወፍራም ወረቀት ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ጋዜጣው መታወቂያው ነው። ጠርዙን ማየት የማያውቅ ሰው ግን የሚያየው አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነው። ኦቾላ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው፤ ረግረግን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ይለካል፣ ሠንጠረዥ ያወጣል፣ ግንባታ ከመፈቀዱ በፊት የሚጠየቀውን ባለ ብዙ ገጽ ጥናት ይጽፋል። በገዛ እጁ አንድም ተክል ጋዜጣ ውስጥ አስተኝቶ አያውቅም።

ሪስፓ በበኩሏ ቁጥሮቿን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ብዙ አይደሉምና። ሌላው ሰብሳቢ አሥር ሺህ፣ ሃያ ሺህ ይደርሳል። እሷ ግን የደረቁ ተክሎች የሚጠበቁበት የዕፅዋት ማኅደር ለጣፊ ናት፤ ሌላው ከሜዳ ያመጣውን በሙጫ ትለጥፋለች፣ ትለያለች፣ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች እንጂ ወደ ሜዳ የሚልካት የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት የራሷ ቁጥር 212 ላይ ነው የቆመው። ያቺን የመጨረሻዋን ቀን ደግሞ ትረሳለች ማለት ዘበት ነው። ባለፈው ኅዳር ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የኦቾላ መሥሪያ ቤት ልጆች ከኮጎንዳ ረግረግ አንድ ቄጠማ እንደ ሠርግ አበባ ከወገቡ ቆርጠው አምጥተውላት ነበር፤ ሥር የለው፣ ፍሬ የለው። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ፍሬ የለውም። አይታወቅም። ሲያፈራ ከነሥሩ ይምጣ» ብላ ጽፋ መለሰችላቸው። ቄጠማ ያለ ፍሬው አይለይም፤ መልኩ ሁሉ አንድ ነው፤ ማንነቱ ያለው ከጤፍ ጥቂት በምትበልጠው ፍሬ ላይ ነው። ያኔ ኦቾላ «እንግዲያው ራስሽ ነይና ንቀይው» አላት። ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ በማዕድ ቤት ቢላዋ ሥሩን ቆፈረች፤ እሱ ቦርሳዋን ይዞ ዳር ቆሞ «ዋያ፣ አዞ እንዳይበላሽ፤ ጡረታሽን ማን ይበላል?» እያለ ሳቀ። ሲመለሱ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት ገዝቶላት መኪናው ውስጥ ተካፍለው በሉ። ጋዜጦቹን ከኋላ መጫኛው ወደ ራሷ ልታመጣ ስትል ጭቃው ወንበሩን እንዳያበላሽበት ፈራች፤ እሱም «ተዪው፣ እኔ ቢሮ አደርቀዋለሁ» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በማዕድ ቤቱ በር በኩል፣ ከደህና እደሪ በፊት፣ «ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ረስቶት በሰበሰ፤ ጣልነው» አላት። እሷም ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገች። ለአንድ ወንበር ብላ።

የበሰበሰ ተክል ጋዜጣን ያጠቁራል፤ ይሻግታል፤ ወረቀቱን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ይህ ጋዜጣ ግን ደረቅ፣ ለጥ ያለ፣ ንጹሕ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ሻይ ጠብታ የፈዘዘ የቄጠማ ጥላ አርፎበታል፤ ቀጥ ያለው አገዳ፣ ከራሱ ላይ የተዘረጉት ሦስት ቅጠሎች፣ ከታች የሥሩ ጉብታ። በደንብ የደረቀ ተክል ነው እንዲህ ያለ ጥላ የሚተወው። አንድ ሰው በየቀኑ በዙሪያው ያሉትን ጋዜጦች እየለወጠ በሥርዓት አድርቆታል ማለት ነው። ከዚያም አውጥቶ ጥሎታል።

«ዋያ፣ ምነው በጠዋቱ? አይጥ አዩ እንዴ?» ቤሪል በሌሊት ልብሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይህን ጋዜጣ ከየት አመጣሽው?»

«ኦቾላ ነው ከቢሮ ያመጣልኝ፤ አንድ እቅፍ ሙሉ። ‘ንጹሕ ነው፣ ለመደርደሪያ ይሆንሻል’ አለኝ። ስድሳ ሽልንግ ገባ እኮ ዛሬ አንድ ጋዜጣ።»

«ውስጡ ምንም አልነበረም?»

«የሣር ብናኝ ነበረው፤ በበረንዳው አራገፍኩት። ታች ያለችው ሴትዮ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ወርዶባት እስከ ሙት አያቴ ድረስ ሰደበችኝ!» ቤሪል ሳቀች።

«ሣር አይደለም።»

«እሺ ዋያ፣ ሣር አይደለም» አለች ቤሪል፤ ሕፃን በሚባበልበት ድምፅ።

ሪስፓ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አውርዳ ጋዜጣውን አነሣች። እጥፋቱን በጥፍሯ ገለጥ ስታደርገው ስፌቱ ውስጥ ስድስት ጥቋቁር ፍሬዎች ተሰክተው አገኘች። ከቦርሳዋ ቁራጭ ወረቀት አውጥታ እንደ ዱቄት መድኃኒት አድርጋ ጠቀለለቻቸው። ኦቾላ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀች።

«አሁን ነው የወጣው፤ የመኪናውን ድምፅ አልሰሙም? ዛሬ አይደል የኮጎንዳው ስብሰባ፣ ረግረጉ ላይ ቤት ለመሥራት ሕዝቡ የሚጠየቅበት። በስምንት ሰዓት...» ቤሪል አፏን ያዘች። «አይ፣ ‘ለዋያ አትንገሪያት፣ ትደክማለች’ ብሎኝ ነበር።» ዞር ብላ የቧንቧውን ውኃ ከፈተች፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።  ውኃው እየፈሰሰ ወደ ኋላዋ ሳታይ «ለመደርደሪያው ምን ላንጥፍ ታዲያ?» አለች።

«ማታ የዛሬውን ጋዜጣ ገዝቼልሽ እመጣለሁ።»

ዝናብ ስለነበረ ታክሲው ሃምሳ የነበረውን ሰባ ሽልንግ አድርጎታል። ሪስፓ ጋዜጣውን ከኮቷ ሥር ደረቷ ላይ ለጥፋ ተጓዘች። ከጎኗ የተቀመጠች ነጋዴ የደረቀ ዓሣ ጆንያዋን ጭኗ ላይ አሳርፋባት «ይቅርታ እናቴ፣ ዓሣ ሰው አይነክስም» አለቻት። ሪስፓ አልሳቀችም። ስለ ቄጠማ አንድ ነገር ልበል፤ ደሜ ይፈላልና ታገሡኝ። የኪሱሙን ሐይቅ ከብቦ የቆመው ደንገል ቄጠማ ነው፤ የአካባቢው የሉዎ ሕዝብ ሴት ምንጣፍ ሠርታ የልጇን ልብስ የገዛችው ከእሱ ነው። ገበሬ ከማሳው እየነቀለ የሚረግመው እንግጫም ቄጠማ ነው። የአንድ ወገን ናቸው፤ ወገኑም በሺህ የሚቆጠር ነው። የከተማው ሰው ግን ሁሉንም ሣር ይለዋል። ሣር አገዳው ክብ ነው፣ ውስጡም ባዶ፤ የቄጠማ አገዳ አብዛኛው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡም ሙሉ። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ ሁለት ጣት ይበቃል። ጽጌረዳ ወይም ሌላ የሚያምር አበባ ቢሆን ፎቶ አንሺው በተሰለፈ ነበር። ቄጠማ መልክ የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ ጠበቃም የለውም። ቄጠማ የምትለይ ሴትም እንደ ቄጠማው ናት።

የዕፅዋት ማኅደሩ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ዝቅተኛ ሕንፃ ነው። ውስጡ የናፍታሊን ሽታ አለው፤ ግራና ቀኝ ግራጫ የብረት ሣጥኖች፣ መሐል የሪስፓ ጠረጴዛ፣ ሙጫ፣ መርፌ፣ ክር፣ ወረቀቱን ተጭነው የሚይዙ ጠጠር የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች። በመሳቢያዋ ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አሉ፤ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የቄጠማ ሊቅ ለማኅደሩ የጻፋቸው። እያንዳንዱ «የዚህን ሣጥን ሁለተኛ ረድፍ ፍሬ ለክታችሁ ላኩልኝ» ብሎ ይጀምርና «ለሠራተኞቹ ምስጋናዬን አድርሱልኝ» ብሎ ያበቃል። ሠራተኞቹ ማለት እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ቄጠማ የሚለይ ሰው በዚያ ሕንፃ ኖሮ አያውቅም። የሊቁ መጽሐፍ ሲታተም ልኬቶቿ ሁሉ ገብተው ነበር፤ ስሟን ግን ሦስት ጊዜ ብትፈልገውም አላገኘችውም።

ያን ዕለት በሩ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ አሊቪዛ በወረቀት የተጠቀለለ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ይዞ እየጠበቃት ነበር። ትኩስ ነው፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶታል።

«እንኳን ደስ አለሽ! ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ነው እንዴ የምትገቢው? ታትመሻል እኮ!»

«ምን ታተምኩ?»

«ስምሽ! የኮጎንዳን ጥናት ሰው እንዲያነበው ብለው አምጥተው አስቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት የማይነበብ ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ገጽ ሰማንያ ሰባት። ነይ፣ ነይ፣ ቁጭ በይ፤ ማንዳዚው በእኔ ነው፣ ምሳው በአንቺ።»

ሪስፓ ገጹን አነበበችው። ሠንጠረዥ ነው። «ቁጥር 212። ተራ እንግጫ፤ የማሳ አረም። ጥበቃ አያሻውም። ለይታ ያወቀችው፦ ሪስፓ አዴራ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ ያላት ባለሙያ።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሟ በወፍራሙ ተጽፏል፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ያልጻፈውን ስም በትክክል የሚጽፍ ሰው ሲገኝ እንዲህ ሆነ። ጥናቱን የጻፈው ኦቾላ ነገር ይችላል፤ ሙያዋን ከዘመድ ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው እሱ ነውና የትኛው ስም እንደሚታመን ያውቃል።

«ምነው፣ ፊደል ሳቱብሽ?» አለ አሊቪዛ።

«አልሳቱም» አለች። አሊቪዛን ላለማስቀየም ማንዳዚውን አንዴ ገመጠችለት፤ የቀረውን መልሳ ጠቀለለችው።

ስድስቱን ፍሬዎች በማይክሮስኮፑ ሥር ደረደረቻቸው።  የእንግጫ ፍሬ ልሙጥ ነው። እነዚህ ሦስት ጠርዝ አላቸው፤ ገላቸው ላይ እንደ ዓሣ መረብ ያለ ስስ ጥልፍ፣ ከሥራቸው አጭር እግር። ይህን ጥልፍ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አይታዋለች። ተነሥታ አሥራ ዘጠነኛውን ሣጥን ከፈተች፤ ከታችኛው ረድፍ እሷ እስከምታውቀው በዓለም ላይ ያለውን የዚህን ቄጠማ ብቸኛ ወረቀት አወጣች። በ1934 ከዚያው ከኮጎንዳ ረግረግ የመጣ ነው። በጥግ በተለጠፈው ፖስታ ውስጥ ሁለት ፍሬዎች አሉ። ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላገኘውም፤ በሊቁ መጽሐፍ ውስጥ «ሳይጠፋ አልቀረም» ተብሎ አንድ መስመር ተሰጥቶታል። የወረቀቱ መግለጫ የአንድ እንግሊዛዊን ስም ከነማዕረጉ ይዞ፣ ከሥሩ በትንሹ «ከውኃ ያወጣው፦ የአገሬው ሰው» ይላል። የአገሬው ሰው! እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የገባው ሰውዬ እናቱ ስም ያላወጣችለት ይመስል። ያን ጊዜ ስም ይነፍጉ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስም ሳይጠይቁ ይወስዳሉ። ልዩነቱን የሚያስረዳኝ ካለ እሰማለሁ።

የማኅደሩ ኃላፊ ዶክተር ናሊያካ ጨዋ ሴት ናት፤ ጮኻ አታውቅም። ሪስፓ የ1934ቱ ቄጠማ መገኘቱን በፊርማዋ እንድታረጋግጥላት ለመነቻት። ጋዜጣውን፣ ደብተሩን፣ የ1934ቱን ወረቀት፣ ፍሬዎቹን ተራ በተራ አየች። በማይክሮስኮፑም አጎንብሳ አየች፤ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ ያየችውን አውቃዋለች። ከዚያ ግን መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች።

«ማማ ሪስፓ፣ ተክሉ ራሱ የት አለ?»

«ተጣለ።»

«እንግዲያው በምን ላይ ልፈርምልዎ? ከማዕድ ቤት መደርደሪያ በተጠረገ ብናኝ ላይ?»

«ቁጥሩ ጋዜጣው ላይ አለ። ቀኑና ቦታው ደብተሬ ላይ አለ። ፍሬው ይኸው። ብናኝ አይበቅልም፣ ዶክተር።»

«ያዩበት ማይክሮስኮፕ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብበውታል?»

ሪስፓ አንብባው አታውቅም ነበር። አሁን አነበበችው። የኦቾላ መሥሪያ ቤት ስጦታ ነው፤ ሁለት አምጥተዋል፣ አምና።

«ለጡረታ ስምንት ወር ነው የቀረዎት» አለች ዶክተር ናሊያካ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደግሞስ ልጅዎ አይደል? ይህ እኮ የአደባባይ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ አይነጋገሩም እንዴ?»

 ሪስፓ ማይክሮስኮፑን ሸፈነችው፤ ፍሬዎቹን መልሳ ጠቀለለች፤ የ1934ቱን ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ በቦታው አስተኛችው፤ ከማኅደሩ ወረቀት ማውጣት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ እሷ ደግሞ ሕግ አፍርሳ አታውቅም። አሊቪዛ በሩ ላይ ጃንጥላውን አውሷት «ወዴት ነው በሥራ ሰዓት? ታትመሽ ኮራሽብን አይደል?» አላት። «ስሜን ላመጣ» ብላው ወጣች። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ኮጎንዳ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኅዳር ላይ ጫማዋን ያወለቀችበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በቆርቆሮው ስንጥቅ ስታይ ቀይ አፈር ተደፍቶበታል፤ ገልባጭ መኪናዎቹ ፈቃድ እስኪመጣ አልጠበቁም። ከማዶ በኩል ግን ደንገሉ አሁንም ቆሟል፤ ከእሱ በወዲህ አንድ ያልተደፋ ጠባብ የውኃ ዳርቻ ቀርቷል። 212 እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ዛሬ ካልተነገረ ነገ አፈሩ እዚያም ይደርሳል። ከመንገዱ ቦይ ዳር ከበቀለ ተራ ቄጠማ አንድ አገዳ ቀጠፈች፤ ለምን እንደቀጠፈችው ገና አላወቀችም። ጣቶቿ ብቻ በልማድ አሻሹት። ልጅ ሆና እናቷ ለምንጣፍ የሚሆነውን ደንገል ዓይኗን ጨፍና በጣት እንድትመርጥ ታስተምራት ነበር። በዚያ ሰዓት ስለዚህ ሁሉ የምታወራው አንድ ሰው ቢኖራት ደስ ይላት ነበር። ስልኳን አውጥታ የስሞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየችው፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በየወንበሩ አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ በሩ ላይ ስም የሚመዘገብበት ወረቀት። ሰው ሞልቷል። መድረኩ ላይ ሰብሳቢው፣ ሁለት የቤት ሠሪው ኩባንያ ሰዎች፣ በስተቀኝ ደግሞ ግራጫ ኮት የለበሰ ኦቾላ ተቀምጠዋል። በመጨረሻው ረድፍ ስትቀመጥ አያት። ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ሰላምታ ይሁን መደበቅ አልለየችውም። ወዲያው ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ዋያ እባክሽ። ማታ ቤት እንነጋገር።»

 ማታ ቤት እንነጋገር። በአራት ዓመት እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷ ግን በየማታው የበረንዳውን በር ገርበብ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። አሁን እንኳ ልቧ አንድ ጊዜ ወደ ቤት ሄደ፤ ማዕድ ቤቱ፣ ሻይ፣ እሱ ከፊቷ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። ዝም ብትል ያንን ታገኛለች። ብትናገር ዛሬ ማታ ያን በር የምትከፍትበት ፊት ይኑራት አይኑራት አታውቅም፤ ዘመዱም ሁሉ ያጨበጨበው ለእሱ ነው። መድረኩ ላይ ኦቾላ ማይክራፎኑን ይዞ ስለ ሁለት ሺህ የሥራ ዕድል፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ መንገድ መብራት ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። «የተክሎቹን ነገር በተመለከተ፣ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የላቀች የቄጠማ ባለሙያ መርምራ አረም ብቻ መሆኑን አረጋግጣለች» አለ፤ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሳያይ።

ሪስፓ እጇን አወጣች። ሰብሳቢው «እናታችን፣ ሁለት ደቂቃ» አላት። አስተናጋጇ ያመጣችላትን ሁለተኛውን ማይክራፎን ስትይዝ ከጎኗ የሞተር ብስክሌት ነጂ የሚመስል ጎረምሳ «እማማ፣ ለሣር ብለሽ ሥራ እንዳታሳጪን አደራ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ።

«ናማ ልጄ፣ ይህን ያዝ» አለችና ያቺን አገዳ ሰጠችው። «በሁለት ጣትህ አሽከርክረው።»

ጎረምሳው ለሳቁ ብሎ ሞከረ። «አይሽከረከርም! ጠርዝ አለው፣ ይቆረቁራል!»

«ስንት ጠርዝ?»

ቆጠረ። «ሦስት።»

«ሣር ክብ ነው። እንግዲህ ሣር አይደለም። እዚያ መድረክ ላይ ከተቀመጡት ይልቅ አሁን አንተ ታውቃለህ።» ሳቁ አሁን ወደ መድረኩ ዞረ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

«ስሜ ሪስፓ አዴራ ነው» አለች። «ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ያለችው ባለሙያ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ኦቾላ ጠርሙሱን ከፈተ፤ አልጠጣም። ሪስፓ ጋዜጣውን ከኮቷ ሥር አውጥታ ዘርግታ ከፍ አደረገችው፤ የቄጠማው ጥላ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ታየ። በጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ አሳየች። ከየት እንደነቀለችው፣ ማን አብሯት እንደነበረ፣ በስብሷል እንደተባለች፣ ዛሬ ጠዋት ከየትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳነሣችው፣ ስድስቱ ፍሬዎች ምን እንደሚሉ ተናገረች። ድምፅዋ አልተነሣም። ለአንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምታወራ ትመስል ነበር፤ እንዲህ ረዥም ነገር ለኦቾላ ተናግራው አታውቅም፤ እሱም እንዲህ ሲያዳምጣት አይታው አታውቅም።

«እናታችን፣ ሁለት ደቂቃዎ አልቋል» አለ ሰብሳቢው። «ጥያቄውን ለጥናት ቡድኑ በጽሑፍ ያስገቡ። የቤተሰብ ጉዳይ ካለበት ደግሞ በቤታችሁ...»

«የእኔ አልቋል» አለች ሪስፓ። «የእሱ አሁን ይጀምራል።» ጋዜጣውን በጥንቃቄ በእጥፋቱ አጠፈችው፤ ማይክራፎኑን ግን አልመለሰችም። «ኦቾላ፣ ልጄ፣ ማታ ቤት እንነጋገር ብለህ ጽፈህልኛል። ቤትህን አውቀዋለሁ፤ እዚያ ደህና እደሪ ነው የሚባለው። በእኔ ስም የተናገርከው በዚህ አዳራሽ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። 212 ደርቆ ነበር፤ ማን ጣለው? ‘አይታወቅም’ ያልኩትን ‘ታውቋል’ ያለው የማን እጅ ነው? ማይክራፎኑ ከፊትህ ነው። ተነሥ፤ አብራውና መልስ፤ ሰው ሁሉ ይስማህ።»